የጥቁሯ ዶሮ እንቁላሎችና የእኔ ኮምፓይለር

የእኔን ኮምፓይለር የሚጠቀም ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነበር። እሳቸውም ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤታችንና ዶሮ አርቢ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ክፍልፋይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ልጅ ሆኜ መልሱን ሳላስብ ስዘረግፈው እርሳሱን ከእጄ ይወስዱና ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ "አሁን ደግሞ ሳትቸኩይ" ይሉኝ ነበር። እርሳሱን ብዙ ጊዜ ወስደውብኛል፤ መቸኮሉ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከላይ ከባሕር ዛፉ የሚወርደው ብርድ በበጋም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስደርባል። ብርዱን የማነሳው ለማማረር አይደለም፤ ይሄ ሁሉ የሆነው በእሱ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ቀን ቀን መሀል ከተማ ባለ ቢሮ ሰው ያዘዘኝን ሶፍትዌር እሠራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን እሠራ ነበር፦ ትእዛዞቹ በአማርኛ የሚጻፉ የራሴን ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከነኮምፓይለሩ። እማዬ ኮምፓይለር ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ሰው የጻፈውን መመሪያ ማሽን ወደሚገባው ትእዛዝ የሚቀይር ነው አልኳት።

"አስተርጓሚ በይኛ!" አለች።

"አዎ፣ እንደዛ በይው።"

"አንድ አስተርጓሚ ለመሥራት ሁለት ዓመት ሙሉ? እስካሁን እኮ አንቺው ራስሽ ቻይንኛ ትለምጂ ነበር።"

የቢሮ ጓደኞቼም ከእማዬ አይሻሉም። ማን ሊጠቀምበት ነው ብለው ሲስቁብኝ፣ "ቆይ ታያላችሁ" እል ነበር። ያዩት ጋሼን ነው።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ነው። በእኛ ሰፈር አብዛኛው ሰው ጿሚ ነው፤ ዶሮዎቹ ግን አይጾሙም፤ እንደ ልማዳቸው ይጥላሉ። የሚበላው የሌለው እንቁላል በየቤቱ ይከማቻል። ስለዚህ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ጎረቤቶች እንቁላላቸውን በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ለጋሼ ይሰጣሉ፤ ጋሼ አስታቅፈው ለፋሲካ ጫጩት አድርገው ይመልሳሉ። ጋሼ ደግሞ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ እንቁላል የሚከለክላቸው ጾም የለባቸውም። እማዬ እዚህ ላይ መቼም አታልፋቸውም።

"መምህር፣ ለእርስዎ እንቁላል አደራ መስጠት እኮ ድመትን ወተት አስጠብቆ ቅዳሴ መሄድ ነው" ትላቸዋለች።

"አደራ በላ ከምባል ሽሮ እየበላሁ ከእናንተ ጋር ብከርም ይሻለኛል" ይሏታል። እንዳሉትም ሁዳዴን ሙሉ እንቁላል በአፋቸው አይዞርም። ስለዚህ ከሰፈሩ ጿሚዎች ሁሉ ጠንካራው ጋሼ ናቸው ማለት ይቻላል።

እንቁላሎቹን ታቅፍ የነበረችው አንዲት ጥቁር ዶሮ ነበረች። የጋሼ ባለቤት ናቸው ከጫጩትነቷ ጀምሮ ያሳደጓት። እትዬ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። ከሳቸው በኋላ ዶሮዋ ጠዋት ጠዋት የጋሼን በር በመንቁሯ ታንኳኳለች፤ ጋሼም ከፍተው "ደህና አደርሽ" ይሏታል። ሌላ ደህና አደርሽ የሚሉት ሰው ቤት ውስጥ አልነበራቸውም። እንቁላሏም የሷ ብቻ ነው፤ እንደ ሸክላ የጠየመ፣ ቅርፊቱ ወፍራም። ከሌላው ጋር ቢደባለቅ ምልክት አያስፈልገውም።

በዚያ ሁዳዴ በሁለተኛው ሳምንት ሽለምጥማጥ በአጥር ሾልኮ ገብቶ ወሰዳት። ጠዋት የተገኘው ላባ ብቻ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ግን ለማቀፍ ያጠራቀመቻቸው ሰባት እንቁላሎች ነበሩ። ጋሼ ሰባቱን ባርኔጣቸው ውስጥ አድርገው በራችን ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ይሄ አስተርጓሚሽ እንቁላል ያቅፋል?" አሉኝ። ሊቀልዱ ነበር የፈለጉት፤ ዓይናቸው ግን ከባርኔጣው አልተነሳም። "የሷ ዘር ይቺው ናት የቀረችው፤ ሌላ አቃፊ ዶሮ የለኝም፣ በዚህ ብርድ ደግሞ ያለ ሙቀት አይሆኑም። ከነዚህ አንድ እንኳ ብትፈለፈል..." ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

ሳላስብ "እንዴታ!" አልኩ። አፌ እንደሁ እንደዛ ነው።

መፈልፈያውን በአንድ ቅዳሜ ሠራነው። ጋሼ ጓሮ የተጣለ፣ ማቀዝቀዝ ካቆመ ዘመን ያለፈው ፍሪጅ ነበር። ውስጡ ሁለት አምፖል፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ማራገቢያ፣ ውሃ የያዘ ሳህንና አንድ የሙቀት መለኪያ አደረግን። መዳፍ የምታህል ቦርድ፣ ትንሽ ኮምፒውተር ማለት ናት፣ መለኪያውን እያነበበች አምፖሎቹን ታበራለች፣ ታጠፋለች። ሰፈሩ በሙሉ ሊያይ መጣ፤ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሳይል የወጣ አልነበረም። ሁሉም ደግሞ የመጀመሪያው እሱ የተናገረው መስሎት ይስቅ ነበር።

ቦርዷ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም የተጻፈው በእኔው ቋንቋ ነው፦ ሙቀቱ ከሠላሳ ሰባት ተኩል በታች ከሆነ አምፖሉን አብራ፤ አለዚያ አጥፋ። በቃ። አማርኛ ስለሆነ በወረቀት አትሜ ስሰጣቸው ጋሼ ራሳቸው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አንብበው ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ወረቀቱ ላይ "ራይት" አደረጉልኝ። በዚህ ዕድሜዬ በደስታ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ሁለት ቀን ባዶውን ሞክረነው፣ ማክሰኞ የጎረቤቶቹን ሃምሳ እንቁላል ከታች፣ የጥቁሯን ሰባት ከላይ ደረደርናቸው። ጫጩት ሃያ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስምንት ቀን ሁሉም ነገር እንደ ሰዓት ሠራ። እኔም ቢሮ ውስጥ "ተጠቃሚዬ" እያልኩ ሰው ማሰልቸት ጀመርኩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ።

"ልጄ፣ ነይ። ሳጥኑ ግሏል" አሉ ጋሼ።

የሽሮ ሜዳ ታክሲ ያን ቀን እንደተንቀራፈፈ ተንቀራፍፎ አያውቅም። ስደርስ ጋሼ እንቁላሎቹን አውጥተው ጋቢያቸው ላይ ዘርግተዋቸዋል፤ የፍሪጁ በር ተከፍቷል፤ ሁለቱም አምፖሎች ግን ቦግ እንዳሉ ናቸው። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሙቀቱ ገላ ለመታጠብ ይበቃል። ጋሼ ለጸሎት ፕሮግራም ወጥተው ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተዋል፤ በዚያ መካከል መቼ እንደጋለ የሚያውቅ የለም። የቦርዷ ትንሽ ስክሪን በሙቀቱ ቁጥር ፈንታ "ናን" የሚል ጽፋለች።

መለኪያውን አየሁት፤ ሽቦው ከመሰኪያው ወልቋል። እፎይ አልኩ።

"ያው ሽቦው ነው ጋሼ!"

"ጠዋት ውሃ ስጨምር ነክቼው ይሆናል። የኔ ጥፋት ነው" አሉ። ሽቦውን ሰክቼ ቁጥሩ ተመልሶ ሲመጣ እጄን እያራገፍኩ ልነሳ ስል፣ "ቆይ" አሉኝ። "ሽቦው ወለቀ፣ እሺ። አምፖሉን ማን አበራው?"

"ሽቦው ስለወለቀ ነዋ!"

"ሽቦው ሲወልቅ ሙቀቱ አይታወቅም። አይደለም?"

"አዎ።"

"የማይታወቅ ነገር ከሠላሳ ሰባት ተኩል በታች ነው?"

"አይደለም።"

"አንቺ ደግሞ 'በታች ከሆነ አብራ፣ አለዚያ አጥፋ' ነው ያልሽው። በታች ካልሆነ መጥፋት ነበረበት።"

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ መስመሩን እኮ እርስዎ ራስዎ አርመውታል! ትክክል ነው ብለው!"

"እሱን ነው የምልሽ ልጄ። የጻፍሽው ልክ ነው። የሆነው ግን ልክ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ማነው?"

በሁለቱ መካከል ያለው የእኔ ኮምፓይለር ነበር። ሁለት ዓመት የለፋሁበት፣ በስንት ፈተና ያለፈ፣ አንድም ቀን ያላሳፈረኝ ኮምፓይለር። "ኮምፓይለሩ ምንም አልሆነም" ብዬ ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ። እማዬ ከበረንዳው ሰምታ ኖሮ፣ "ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል" አለችኝ።

ስለ "ናን" ትንሽ ልናገር፤ አለዚያ ጥፋቴ ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም። ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ለኮምፒውተር የደነገጉት ሰዎች ብልሆች ነበሩ። አንዳንዴ መለኪያ ይሰበራል፣ ስሌት መልስ ያጣል፤ ያኔ በቁጥሩ ቦታ "ይሄ ቁጥር አይደለም" የሚል ልዩ ምልክት ይቀመጥ አሉ። ናን ማለት ይኸው ነው። ናንን ከዚህ ቁጥር ታንሳለህ ወይ ብትለው አላንስም ይላል። ትበልጣለህ ወይ ስትለው አልበልጥም። እኩል ነህ ወይ፣ አይደለሁም። ከራስህ ጋርስ እኩል ነህ ወይ ብትለው እንኳ አይደለሁም ነው መልሱ። ይሄን ሁሉ አውቀው ነበር። ለፈተና ብጠየቅ እንደ ውዳሴ ማርያም እወጣዋለሁ። ማወቅና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ከሥራ በፊት ተመለስኩ፤ ኩርፊያዬ ብዙ አይቆይም። ጋሼ መጋረጃውን ዘግተው እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን ላይ እያደረጉ ያዩ ነበር። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጡ ቀያይ ቀጫጭን ሥሮች ይታዩበታል። ከሃምሳው አርባ አንዱ ሥር ነበራቸው፤ ዘጠኙ ጭር ብለዋል። ዘጠኙን ወደ ጎን አደረግናቸው። የጥቁሯ ተራ ሲደርስ ግን ብርሃኑ አላልፍ አለ፤ ቅርፊታቸው ጠይምና ወፍራም ስለሆነ ሥርም ባዶነትም አይታይም። ሰባቱንም አገላበጥን፤ ምንም የለም።

"ጋሼ፣ እነዚህ ሞተዋል ብንል ይሻላል" አልኩ። "ላይኛው መደርደሪያ ላይ ስለነበሩ ሙቀቱ በደንብ ያገኛቸው እነሱን ነው። ከበሰበሱ ደግሞ ሌሎቹን ያበላሻሉ።"

"ሥር አየሽ?"

"አላየሁም።"

"ባዶ መሆናቸውንስ አየሽ?"

"እሱንም አላየሁም።"

"እንግዲያው ሞተዋል አትበይ። አላየሁም በይ።" ሰባቱንም መልሰው አስገቧቸው። ያኔ ነው አፌን ብይዘው ኖሮ ብዬ የተጸጸትኩት።

እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። እማዬ ለንግሥ እንጦጦ ማርያም ስለወጣች እሷን ወክዬ ሄድኩ። ዳኛው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ስብሰባውንም እንደ አውቶቡስ ነው የሚመሩት፣ ፌርማታ አይወዱም። ጋሼ ጸሐፊ ናቸው። አጀንዳው፣ የእድሩ የእንጨት አግዳሚዎች ተሽጠው በፕላስቲክ ወንበር ይተኩ ወይስ ይቆዩ የሚል ነው። በዚህ ላይ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከረ። እኔ ስለ አምፖሉ እያሰብኩ ከጎኔ ካሉት ሴትዮ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

"በቃ!" አሉ ዳኛው። "ይቀየር የሚለውን የሚቃወም እጁን ያውጣ!"

ዘጠኝ እጅ ወጣ።

"ዘጠኝ። ቀሪው ደጋፊ ነው። ጸድቋል! ወደሚቀጥለው..."

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ተነሱ። "ዳኛ፣ ይቅርታ። እጁን ያላወጣ ሁሉ ደጋፊ ነው ያለው ማነው?"

"ካልተቃወመ ምን ሊሆን ነው ታዲያ መምህር?"

"እሱን ጠይቀን ነዋ የምናውቀው።"

ቤቱ አጉረመረመ፤ ምሳ ደርሶ ነበር። ዳኛው ግን ጋሼን ያውቋቸዋል፤ አንዴ ከተነሱ አይቀመጡም። "እሺ፣ የሚደግፍ!" አሉ። አሥራ አንድ እጅ ወጣ። የቀረነው ሃያ ሁለት ነበርን። ሁለቱ እንቅልፍ ላይ ናቸው፣ አንዷ ስልኳን ታያለች፣ አንዱ ውጭ ሲጋራ ያጨሳል፣ እኔ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

"ሃያ ሁለት ድምፀ ተአቅቦ" ብለው ጋሼ መዝገቡ ላይ አሰፈሩ።

ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። ከደቂቃ በፊት ሳላውቀው ደጋፊ ተብዬ ተቆጥሬ ነበር! ስለ ወንበሩ ምንም ሐሳብ ያልነበረኝ ሰው፣ ስላልተቃወምኩ ብቻ። ዳኛው የጠየቁት አንዱን ወገን ነው፤ ሌላውን ሳይጠይቁ ደምድመዋል። ይሄን አሠራር አውቀዋለሁ፤ ማን እንደጻፈውም አውቃለሁ።

"እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ።

"ምንሽ ነው አንቺ ደግሞ? ትደግፊያለሽ ትቃወሚያለሽ?" አሉኝ ዳኛው።

"ተአቅቦ ነኝ! ጋሼ፣ ተአቅቦውን የበላሁት እኔ ነኝ!" ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ከኋላዬ ሴትየዋ "ምን በላች?" ሲሉ ሰምቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽን "ከሆነ" የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ማወዳደርና መዝለል ነው። ስለዚህ የእኔ ኮምፓይለር "በታች ከሆነ አብራ" የሚለውን ሲተረጉም፣ ለማሽኑ "ተቃራኒው ከሆነ የማብሪያውን ትእዛዝ ዝለለው" ብሎ ይጽፋል። የ"በታች" ተቃራኒ ምንድነው? "እኩል ወይም በላይ" የሚል መልስ በትንሽ ሠንጠረዥ አስቀምጬለት ነበር። ለሙሉ ቁጥር ይሄ እንከን የለውም፤ እኩልም በላይም ያልሆነ ሙሉ ቁጥር የግድ በታች ነው። ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ስጨምር ግን አንድ ከሰዓት ላተርፍ ብዬ ያንኑ ሠንጠረዥ ገለበጥኩ። ሽቦው ሲወልቅ ማሽኑ ናንን "እኩል ነህ ወይስ በላይ?" ብሎ ጠየቀው። ናን "አይደለሁም" አለ። "እንግዲያው በታች ነህ" ተባለና አምፖሉ በራ። በታች ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን ማንም አልነበረም።

የሚያናድደው፣ ማሽኑ ራሱ ከእኔ የተሻለ አዋቂ መሆኑ ነው። ሁለት ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች አወዳድሮ ሲጨርስ መልሱ ከአራት አንዱ ነው፦ በታች፣ እኩል፣ በላይ፣ ወይም አይወዳደሩም። አራተኛውን ድሮም ይናገር ነበር፤ የሚሰማው አጣ እንጂ። ሠንጠረዡን ለሁለት ከፈልኩት፤ ሙሉ ቁጥሮች በድሮው ቀሩ። ነጥብ ላላቸው የ"በታች" ተቃራኒ "እኩል፣ በላይ ወይም የማይወዳደር" ሆነ። ስድስቱንም የማወዳደሪያ ዓይነቶች በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ አየሁ፤ አራቱ ጥፋተኛ ነበሩ። ሥራው ሁሉ አንድ ሰዓት አልሞላም። ያፈርኩበት ጊዜ ይበልጣል።

ጋሼ ከስብሰባ ሲመለሱ በራቸው ላይ ጠበቅኳቸው። "ልክ ነበሩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። ይሄን ቃል ከአፌ ለማውጣት ክፍልፋይ ከመማር ይከብደኛል። እንቁላሎቹን አውጥተን ሽቦውን ሆን ብለን ነቀልነው። አምፖሉ ጠፋ። ጋሼ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ተቀየረ። "ግን እኮ ጠፍቶ ከቀረ ይበርዳቸዋል። እኔ ቤት ባልኖርስ?"

"ደወል እንጨምራለን። ሙቀቱ ከራሱ ጋር እኩል ካልሆነ ይጮሃል።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ከራሱ ጋር እኩል ያልሆነ?"

"ናን ብቻ ነው እንደዛ የሚሆነው ጋሼ። መለያው እሱ ነው።"

"አርባ ዓመት ሙሉ ማንኛውም ነገር ከራሱ ጋር እኩል ነው ብዬ አስተምሬ፣ አሁን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ!" ብለው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። "ተማሪዎቼን ከየት ሰብስቤ ልንገራቸው?"

ደወሉን ገጠምን፣ ሽቦውን ነቀልን። ዝም። እንደገና ነቀልን፤ ዝም። አሁን ግን አልጮህኩም፤ ተቀምጬ ኮምፓይለሬን ገለጥኩት። ለካ ፕሮግራምን ለማፍጠን ብዬ አንድ አቋራጭ አስገብቼ ነበር፦ አንድ ነገር ከራሱ ጋር ሲወዳደር ካየህ፣ እኩል ነው በልና ማሽኑን አታድክመው። ያን ቀን በብልጠቴ ተኩራርቼ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳይቼው ነበር። ጋሼ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "አየሽ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁሽ!" አሉ። አቋራጩን ነጥብ ካላቸው ቁጥሮች ላይ አነሳሁት። ደወሉ ሲጮህ የግቢው ዶሮዎች ሁሉ አጥር ላይ ወጡ።

በሃያ አንደኛው ቀን ጫጩቶቹ መፈልፈል ጀመሩ። ፍሪጁ ውስጥ የገበያ ቀን ሆነ። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስምንቱ ወጡ፤ ጎረቤት ሁሉ ካርቶን እየያዘ መጣ፤ እማዬም "ድመቷ ወተቱን ጠብቃለች" ብላ መሰከረችላቸው። ጋሼ እየሳቁ ያከፋፍላሉ፤ ዓይናቸው ግን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ሰባቱ አልተነቃነቁም።

በሃያ ሁለተኛውም ቀን አልተነቃነቁም። ከሥራ ስመለስ ጋሼ ፍሪጁ ፊት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ማራገቢያው ብቻ ነው የሚሰማው። አንዱን ጠይም እንቁላል አውጥተው ጆሯቸው ላይ አስጠጉ፤ ጆሯቸው ድሮ የነበረው አይደለም። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት።

"ስሚልኝ። አለ፣ የለም?"

እንቁላሉን በሁለት እጄ ይዤ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ሞቅ ያለ ነበር። አዳመጥኩ። የሆነ ነገር የሰማሁ መሰለኝ፤ ቀጥሎ የራሴ ደም ሥር መሰለኝ። ደስ እንዲላቸው አለ ልላቸው ፈለግኩ። እንዲገላገሉ ደግሞ የለም ልል አሰብኩ። እድሜ ልኬን ለተጠየቅኩት ሁሉ ወዲያው መልስ የምሰጥ ሰው ነኝ።

"አላውቅም ጋሼ" አልኩ።

ከዚያ እንቁላሉን ተቀበሉኝ፣ ወደ ቦታው መለሱት፣ በሩን ዘጉ። "እሺ" አሉ።

በማግስቱ ገና ፊቴን ሳልታጠብ በአጥሩ በኩል "ልጄ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ሁለቱ ወጥተዋል። እርጥብ፣ ጥቁር፣ አስቀያሚ፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው። ሦስተኛው ቅርፊቱን ዙሪያውን ቆርጦ ጨርሶ ይገፋል። ጋሼ መሬት ላይ ተንበርክከው "ደህና አደርሽ፣ ደህና አደርክ" ይላሉ፣ ሴቱን ከወንዱ ሳይለዩ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

መጠጫ የሚሆን ሳህን ላመጣ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ ከግራዋው ሥር አዲስ የተቆፈረ ትንሽ ጉድጓድ አየሁ። ዶማው እዚያው ተጋድሟል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው? ምን ሊተክሉ ነው?"

ተነስተው በሩ ላይ መጡ። ጉድጓዱን አዩት፣ ከዚያ ወደ መሬት አዩ።

"ለነሱ ነበር" አሉ። "ትናንት ጠዋት ነው የቆፈርኩት። ሞተዋል ብዬ ጨርሼ ነበር።"

"ታዲያ ማታ ስሚልኝ ያሉኝ..."

"የለም እንድትይልኝ ነው። እኔ ራሴ ማለት አቅቶኝ።"

ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ዶማውን አነሱና አፈሩን ቀስ እያሉ መለሱበት፣ በእግራቸውም ደለደሉት። ከዚያ አብረን ገብተን ፍሪጁ ፊት ተቀመጥን። ሦስተኛው ወጥቶ ነበር። የቀሩት አራቱ እንደ ድሮው ዝም ብለዋል፤ ጋሼ ከቦታቸው ሳያነሷቸው በሩን ቀስ ብለው ዘጉ።